እምቢ ያሉት አምስቱ፣ እሺ ያሉት ስምንቱ

ይህ የሆነው በ2001 ዓ.ም. ነው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለ አንድ ጋራዥ ረዳት መካኒክ ሆኜ ሦስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ሦስተኛ ዓመት ክፉ ነው። ጀማሪ ሳለህ ትጠይቃለህ፤ አሥር ዓመት ሲሞላህ ደግሞ መጠየቅ አያሳፍርህም። ዕቃ የሚሰበረው መሃሉ ላይ ነው።

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሥራችን ኮሮላ፣ ቪትዝና የታክሲ ሚኒባስ ነው። እሑድ ግን የጋራዡ ባለቤት ጋሼ ሌላ ሰው ይሆናሉ። የድሮ የጦር መኪና ከወደቀበት ማንሳት ሱሳቸው ነው። ሚስታቸው፣ "ሰው ለመጠጥ የሚያወጣውን የኔው ሰውዬ ለዝገት ያወጣል" ይሉ ነበር። እኔም ለእሑድ አበልም ለፍቅርም ብዬ አብሬያቸው እውላለሁ።

ያን ዓመት ከቢሾፍቱ አንዲት ጂፕ በአይሱዙ ተጭና መጣች። ስንት ዘመን ዶሮ እንዳደረባት እንጃ፤ የወለሏ ላሜራ በጣት ሲነኩት እንደ ድርቆሽ ይፈረፈራል። ሻጩ "ዊሊስ ናት፤ የቃኘው ሻለቃ ከኮሪያ ይዟት የመጣ" ብሎ እየማለ ነው የሸጣት። እዚህ አገር ያረጀ ጂፕ ሁሉ ከኮሪያ ነው የሚመጣው። ጋሼ አልተከራከሩም። በናፍጣ የራሰ ጨርቅ ይዘው ከፊት ተንበረከኩና ሻንሲውን ጠረጉ። ከራዲያተሩ ፊት ለፊት ግራና ቀኙን የሚያገናኘው ብረት ክብ ቧንቧ ከሆነ መኪናዋ ዊሊስ ናት። የኛዋ ግን አራት ማዕዘን ነው። ቀጥለው አንድ ብሎን አጸዱና ጠሩኝ። ራሱ ላይ የኤፍ ፊደል ተመትቶበታል።

"ፎርድ ናት" አሉ፣ ልጅ እንደተወለደለት ሰው እየሳቁ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ጂፕ ለአንድ ፋብሪካ ብቻ ስለበዛ፣ ፎርድ የዊሊስን ንድፍ ተቀብሎ ያንኑ መኪና ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1945 ዊሊስ 360 ሺህ ገደማ፣ ፎርድ 280 ሺህ ገደማ አውጥተዋል። ዕቃቸው እርስ በርስ ይገጥማል፤ ፎርድ ግን በየብሎኑ ራስ ላይ የስሙን መነሻ ፊደል ሳይመታ አይለቅም። ጋሼ ከዚያ ቀን ጀምሮ ብሎን አንብብ፣ ብሎን አንብብ ይሉኝ ጀመር። እኔ ብሎን የሚነበብ ነገር መሆኑ አልገባኝም።

የዚያን እሑድ ጠዋት የተክለ ሃይማኖት ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ ግቢያችን ድረስ ይሰማል። ጋሼ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ "አራቱንም ጎማ አውርድና ጠብቀኝ" ብለውኝ ሄዱ። መኪናዋን በክሪክ አንስተን እንጨት ላይ አሳርፈናታል። ዳዶዎቹ፣ ማለትም ብሎኖቹ ላይ ተጠምዝዘው ጎማውን የሚያስሩት ብረቶች፣ ከዓርብ ጀምሮ ናፍጣ ሲጠጡ ሰንብተዋል። ጎማዎቹ በሆነ ዘመን ተቀይረው ነበርና፣ ቅዳሜ ለመግፋት እንዲመቸን 30 ፓውንድ ነፍተናቸዋል። ይህችን 30 ያዙልኝ።

የቀኙን ሁለት ጎማ በግማሽ ሰዓት አወረድኩ። ወደ ግራ ዞርኩ። የመጀመሪያው ዳዶ ንቅንቅ አልል አለ። ሁለተኛውም እንደዚያው። አምስቱን ሁሉ ሞከርኩ፤ እንደተበየዱ ናቸው። ቁልፉ ላይ አንድ ሜትር የብረት ቧንቧ ሰካሁና ተንጠለጠልኩበት።

ጧ!

ተላቀቀ ብዬ ደስ አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ዳዶው የብሎኑን ግማሽ እንደያዘ ቁልፉ ውስጥ ቀርቷል። የተሰበረበት ፊት እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል። ዝገት የበላው ብረት ሲሰበር ውስጡ ቡናማ ነው፤ ይሄ ንጹሕ ነበር። ልብ ያለው ሰው እዚያ ላይ ይቆማል። እኔ "የዝገት ነገር!" ብዬ ወደሚቀጥለው ሄድኩ። እሱም ጧ አለ።

አሁን ፈራሁ። ፈርቼ ግን አልተውኩም። ዓይኔ ከአምስቱ ዳዶ ወጣ ብሎ ዙሪያው ላይ ባሉት ሌሎች ስምንት ዳዶዎች አረፈ። "በውስጥ እምቢ ካለ በውጭ እፈታዋለሁ፤ ጎማው ከወለቀልኝ ለመቦርቦርም ቦታ አገኛለሁ" አልኩ። ቁልፉን አስገባሁ። እንደ ቅቤ ዞረ! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እያፏጨሁ። አምስተኛውን ሳወልቅ በቸርኬው፣ ጎማው በተገጠመበት ክብ ብረት ላይ፣ ፀጉር የምታህል ጥቁር መስመር ተከፈተችና ቀይ የዝገት ዱቄት ጉልበቴ ላይ ዘነበ። ስድስተኛው ላይ ቁልፉን አሳረፍኩ።

"ልጄ፣ እጅህን አንሳ።"

የግቢው ዘበኛ ናቸው። አባባ ነው የምንላቸው፤ በንጉሡ ጊዜ የጦር ሠራዊት ሹፌር ነበሩ። ሻይ ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል። አልጮሁም። ቢጮሁ ኖሮ የምሆነውን እንጃ።

"ቁልፉን እዚያው ተወው። ወደ ጎን ሂድ። ወደ ጎን ነው ያልኩህ፣ ፊቱ አትቁም!"

ሻያቸውን መሬት አስቀመጡ። በጎማው ጥርስ በኩል ዞረው ተጠጉ፤ ሰውነታቸውን ከቸርኬው ፊት አርቀው እጃቸውን ብቻ ዘረጉ። የንፋስ መግቢያውን ክዳን አወለቁና መሃሉን በሚስማር ተጫኑት። ጎማው ተነፈሰ። ከመነዳሪው ባዶ እስኪሆን ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አላውቅም፤ ቅዳሴው ግን የጠፋብኝ ይመስለኛል፣ ያቺን ሲሲታ ብቻ ነው የማስታውሰው። ንፋሱ ሲያልቅ ያቺ ጥቁር መስመር መልሳ ጠበበች።

የዚያ ዘመን የጦር ጂፕ ቸርኬ አንድ አካል አይደለም። እንደ ሁለት ሳህን ፊትና ጀርባ ገጥሞ በስምንት ዳዶ የሚታሰር ነው። ጦር ሜዳ ላይ ጎሚስታ የለም፤ ወታደሩ ያለ ማሽን በቁልፍ ብቻ ጎማ እንዲቀይር ታስቦ ነው። የመሃሎቹ አምስቱ ጎማውን ከመኪናዋ ጋር ያስራሉ፣ ስምንቱ ደግሞ ሁለቱን ሳህኖች እርስ በርስ። ስምንቱን መንካት የሚቻለው ጎማው ሙሉ በሙሉ ከተነፈሰ በኋላ ብቻ ነው። 30 ፓውንድ ሲባል ትንሽ ይመስላል፤ ግን 30ው ለእያንዳንዷ ኢንች ካሬ ነው፣ ጎማ ደግሞ ስንት ኢንች ካሬ አለው። ያን ሁሉ ግፊት ይዘው የቀሩት ሦስት ዳዶዎች ነበሩ። እኔ አራተኛ ክፍል እንዳለ ልጅ ፊቴን ቸርኬው ላይ ደግኜ ተቀምጬ ነበር።

አባባ ግን ስለዚህ ብዙ አላወሩም። ከተረፉት ሦስት የመሃል ብሎኖች የአንዱን ጫፍ በምራቃቸው አርጥበው በአውራ ጣታቸው አሹት።

"አንብብ።"

"ኤል።"

"ግራ ማለት ነው። የግራ ጎማ ብሎን ጥርሱ የግራ ነው። ለመፍታት ወደምታጠብቅበት አዙር።"

አዞርኩት። ያለ ቧንቧ፣ በአንድ እጅ ተፈታ። ለካ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳጠብቅ ነው የቆየሁት! የተሰበሩትም ለዚያ ነው የሚያበሩት፤ ጤነኛ ብረት ነበሩ።

ያኔ የነበሩ መሐንዲሶች ጎማ ወደፊት ሲሽከረከር በግራ በኩል ያለውን ዳዶ እያላላ ይጥለዋል ብለው ይሰጉ ስለነበር የዚያን ጎን ጥርስ ገልብጠው ይሠሩት ነበር። በኋላ ሾጣጣ ዳዶ በደንብ ከጠበቀ በሁለቱም ጎን እንደሚይዝ ስለታየ ቀረ። ሳይክል የጠገነ ልጅ ይሄን ያውቀዋል፤ የግራ ፔዳል እንደዚያው ነው። ይበልጥ የሚያናድደው፣ እኔ ራሴ በየቀኑ ብየዳ ላይ የአሲታሊኑን ሲሊንደር ማሰሪያ በግራ እያዞርኩ ነበር የማስረው። እጄ የሚያውቀውን ጭንቅላቴ አልጠየቀውም።

ጋሼ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ገቡ። ሁለቱን ጉቶዎች አዩ። እኔ አፌን ሳልከፍት አባባ "ዝገት በልቷቸው ነው" አሉ።

ጋሼ ጎንበስ ብለው የተሰበረውን ፊት አዩት። "ዝገት እንዲህ አያበራም" አሉ። ከዚያ መሬት ላይ የተደረደሩትን አምስት የቸርኬ ዳዶዎች አዩና ፊታቸው ተለወጠ። ምንም አልተናገሩም። ነጠላቸውን አውልቀው ቁልፉን ከእጄ ወሰዱና ግራውን ራሳቸው ጨረሱት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀጣዩን ሳምንት በምሳ ሰዓቴ ሶማሌ ተራን በሱቅ በሱቅ ዞርኩ። የማታገኘው ዕቃ የለም ይባላል፤ ግራ ጥርስ የጎማ ብሎን ግን የለም። አንዱ ባለሱቅ "ግራ የገባው ብሎን ነው?" ብሎ ጎረቤቱን ሁሉ አሳቀብኝ። መጨረሻ ላይ አንድ ባለ ቶርኖ ያልተሰበረውን ለናሙና ወስዶ ሁለቱን ቀረጸልኝ። ሂሳቡን ከደሞዜ ከፈልኩ። ጫፋቸው ላይ የኤልን ፊደል ያስመታሁት ደግሞ በራሴ ፍላጎት ነው፤ እነዚያን ስምንቱንም ቀይ ቀለም ቀባኋቸው። ጋሼ መኪናዋ ላይ ያልነበረ ቀለም ሲቀባ አይወዱም፤ ያን ግን ዝም አሉኝ።

ብሎኖቹ የተገጠሙ ዕለት ማታ ለአባባ ሻይ አምጥቼ፣ የግራውን ጥርስ ነገር ወታደር ቤት ኮርስ ወስደው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ስኳሩን እያማሰሉ ቆዩ።

"የምን ኮርስ" አሉኝ። "አንተ ሁለት ሰበርክ። እኔ አምስቱንም።"