ብዙ ተሠርቶ «ገና ነው» የተባለበት ፓነል

ስምንት ጋዜጣዊ መግለጫ ማውጣት፣ ሁለት ቪዲዮ መሥራት፣ በየፎቁ ፖስተር መለጠፍ። አሜሪካ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የሕዝብ ግንኙነት ክፍል የምትሠራ ባለሙያ ኤፒአር የተባለውን የሙያ ዕውቅና ለማግኘት ገምጋሚ ባለሙያዎች በተቀመጡበት ፓነል ፊት ስትቀርብ «የዘመቻዬ ዓላማዎች» ብላ ያነበበቻቸው እነዚህን ነበር። ዘመቻው የሆስፒታሉ ሠራተኞች የኢንፍሉዌንዛ ክትባት እንዲወስዱ የሚቀሰቅስ ነው። ፖስተሮቹ ያማሩ ናቸው፣ አነጋገሯም የተዋጣለት ነው። ከሦስቱ ፓናሊስቶች አንዱ ግን ጠየቋት፦ «ሠራተኛው ያልተከተበው መረጃ አጥቶ መሆኑን በምን አወቁ?»

መልስ አልነበራትም። ውጤቱም «ወደ ፈተናው ለማለፍ ገና ነዎት» የሚል ሆነ።

ኤፒአር የአሜሪካ የሕዝብ ግንኙነት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1964 የጀመረው የሙያ ዕውቅና ነው፤ ዛሬ የሚያስተዳድረው በርካታ የሙያ ማኅበራት የተጣመሩበት ዩኒቨርሳል አክሪዲቴሽን ቦርድ ነው። ማመልከቻ ይቀድማል፣ ፓነል ይከተላል፣ በኮምፒውተር የሚሰጠው ፈተና መጨረሻ ላይ ይመጣል። ማመልከቻው ከጸደቀ በኋላ ሁሉም በአንድ ዓመት ውስጥ ማለቅ አለበት። የ5 ዓመት የሥራ ልምድ ይመከራል እንጂ ግዴታ አይደለም። ለፓነሉ አመልካቹ የጽሑፍ መጠይቅ አስቀድሞ ሞልቶ ይልካል፤ በዕለቱም አንድ የሠራውን ዕቅድ ከጥናት እስከ ግምገማ ያስረዳል። ፓነሉን ያላለፈ ለፈተና አይቀመጥም።

ብዙ አመልካች የሚሰናከለው እሷ በተሰናከለችበት ቦታ ነው። ሙያው አራት ደረጃ አለው፦ ጥናት፣ ዕቅድ፣ ትግበራ፣ ግምገማ። እሷ ከሦስተኛው ጀመረችና ዕቅዱን ከሥራው በኋላ ጻፈችው። ለዚህ ነው ታክቲኮቿ፣ ማለትም ዓላማን ለማሳካት የሚሠሩት ሥራዎች፣ «ዓላማ» የሚል ስም የወጣላቸው። መግለጫ ማውጣት የተሠራ ሥራን ይቆጥራል፤ ዓላማ ደግሞ በሰው ላይ የሚታይ ለውጥን ይናገራል። አራት ነገር ሊኖረው ይገባል፦ ማን፣ ምን ያደርጋል፣ ምን ያህል፣ እስከ መቼ። ለምሳሌ «ከሌሊት ፈረቃ ነርሶች መካከል የተከተቡት ከ40 በመቶ ተነሥተው እስከ ኖቬምበር መጨረሻ 65 በመቶ ይድረሱ» ቢባል ይለካል። መነሻው አኃዝ ከሌለ ግን መድረሻውም ግምት ነው፤ መነሻውን ደግሞ የሚሰጠው ጥናት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ግምገማው ላይ ነበር። በጋዜጣ የወጣው ዜና ማስታወቂያ ቢሆን ኖሮ ስንት ዶላር ያስከፍል እንደነበር አስልታ «ያስገኘነው ዋጋ» ብላ አቀረበች። አለቆች ይህን ቁጥር ይወዱታል፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። የሕዝብ ግንኙነት ሥራ እንዴት እንደሚለካ የሚያስረዱት፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጡት የባርሴሎና መርሆዎች ይህ ስሌት የሕዝብ ግንኙነትን ዋጋ እንደማይለካ በግልጽ ያስቀምጣሉ። የገጹን ኪራይ እንጂ አንባቢው ያደረገውን አያሳይም፤ ሆስፒታሉን የሚያብጠለጥል ዜና ቢወጣም ስሌቱ ያንኑ ዶላር ይሰጣል።

በዚያው ዘመቻ ላይ ያልተደረገ ጥናት ለጥፎ መመለስ ይቻል ነበር። ግን ሐቀኝነት ከማኅበሩ የሥነ ምግባር ደንብ ስድስት እሴቶች አንዱ ነው፤ ደግሞም ፓናሊስቶች ሦስት ጥያቄ ከጠየቁ የተለጠፈው ይላቀቃል። እሷ ለቀጣዩ ወቅት አዲስ ዕቅድ ጀመረች። መጀመሪያ የሄደችው ሆስፒታሉ ውስጥ ወዳለው የሠራተኞች ጤና ክፍል ነው፤ የተከተቡት ቁጥር በየክፍሉና በየፈረቃው ተመዝግቦ ተቀምጦ ነበር፣ ጠይቆ የሚያውቅ ግን የለም። ቀጥሎ አምስት ጥያቄ ያለው አጭር መጠይቅ በተነች። መልሱ ከፖስተር ጋር ግንኙነት አልነበረውም፦ የክትባቱ ጠረጴዛ የሚከፈተው በቀን ብቻ ነው፤ የሌሊት ሠራተኛ ደግሞ ጠረጴዛው ሳይከፈት ወጥቶ ይሄዳል።

በሁለተኛው ፓነል ዕቅዷ ውስጥ የነበረው ፖስተር አንድ ብቻ ነው፤ የክትባቱ ጠረጴዛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እንደሚከፈት የሚናገር። አለፈች።

ለፈተናው ደግሞ ከሙያው ፈር ቀዳጆች አንዱ የሆነውን የአይቪ ሊን እ.ኤ.አ. የ1906 የመርሆዎች መግለጫና የምሁራኑን የግሩኒግና ሃንትን አራት የሕዝብ ግንኙነት ሞዴሎች በካርድ ጽፋ ሳምንታት ስትሸመድድ ቆይታ ነበር። የፈተናው ክፍፍል ሲታይ ታሪክና ንድፈ ሐሳብ 8 በመቶ ብቻ ነው። ጥናት፣ ዕቅድ፣ ትግበራና ግምገማ 33 በመቶ ይይዛሉ፤ የሙያውን ሥራ መምራት 18፣ ግንኙነትን መምራት 15፣ ሥነ ምግባርና ሕግ 13፣ የቀውስ ጊዜ ኮሙኒኬሽንም 13። ብዙዎቹ ጥያቄዎች አንድ ሁኔታ አስቀምጠው ምን እንደሚሻል የሚጠይቁ ናቸው፤ ከምርጫዎቹ መካከል «ወዲያው መግለጫ አውጣ» የሚለው እጅን ይስባል። በመጀመሪያው ፓነል የወደቀ ሰው ግን ያንን ምርጫ ከሩቅ ያውቀዋል።

ካርዶቹን አልጣለቻቸውም። 8 በመቶም 8 በመቶ ነው።