ደጋግሜ ያጠፋሁት ዓይን

እናቴ ስታርፍ የማታ ፈረቃ ላይ ነበርኩ። ስልኬን ሳየው እህቴ አሥራ አንድ ጊዜ ደውላለች። ወረቀቴ ገና ስላላለቀ ወደ አገር ቤት መሄድ አልቻልኩም። ቀብሯን በስልክ አየሁት፤ እሱም እየተቆራረጠ።

ከዚያ በኋላ ለወራት አላለቀስኩም። ሰው "ጠንካራ ነሽ" ይለኛል። ምን ጥንካሬ አለ፣ ደንዝዤ ነበር እንጂ።

ሥዕሉን የጀመርኩት ሳላስበው ነው። ከመስኮቴ ፊት ለፊት በብርዱ ቅጠሉን ያራገፈ ዛፍ አለ። አንድ የእረፍት ቀን እሱን ፖስታ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ሞነጫጨርኩት። ዛፍ አይመስልም ነበር። ቀና ስል ግን አንድ ሰዓት አልፏል፤ ያን ሁሉ ጊዜ ስልኬ ትዝ አላለኝም።

ቀጥሎ ቅጠል መልቀም ጀመርኩ። ከሥራ ስመለስ ኪሴ ደረቅ ቅጠል አያጣም። እኔ የማውቀው ቅጠል ግራና ቀኙ እኩል ነው። እጄ ላይ ያለው ግን አንድ ጎኑ የሰፋ፣ ጫፉን ትል የበላው ነው። የማውቀውን ትቼ የማየውን እስክስል ብዙ ሳምንት ፈጀብኝ።

መቼም ነገር ሲይዘኝ ማንበብ እወዳለሁ። "አርት ቴራፒ" (በሥዕል መታከም) የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1942 ያወጣው እንግሊዛዊው ሠዓሊ አድሪያን ሂል ነው። የሥዕልን ጥቅም ያየው ራሱ በሳንባ ነቀርሳ ተኝቶ ሲስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ አንድ ጥናት ደግሞ 39 ሰዎች ማርከር፣ ሸክላ ጭቃና የወረቀት ቁርጥራጭ ተሰጥቷቸው ለ45 ደቂቃ የፈለጉትን ሠሩ። ከአራት ሰው የሦስቱ ያህል ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን ቀነሰ። ደስ ያለኝ፣ ሥዕል የለመደውም ያልለመደውም ለውጡ ያው መሆኑ ነው። እኔ ካልለመዱት ወገን ነኝ። (አማካሪም አገኝ ነበር፤ እርሳስ ብቻውን ሁሉን አይችልም።)

የእናቴን ፊት ግን ስምንት ወር ሸሸሁት። ቅጠል ቢበላሽ ሌላ ይነሳል።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ሌላ ሴትዮ ሆነ። ዓይኖቿን ግንባሯ ላይ ሰቅያቸዋለሁ። ጀማሪ ሁሉ እዚህ ጋ ይሳሳታል፤ ዓይን ያለው ከአናት እስከ አገጭ ባለው ርቀት መሀል ለመሀል ነው። ለክቼ አወረድኳቸው። አሁንም እሷ አይደለችም። ላጲሱ ወረቀቱን እስኪያሳሳው አጠፋሁ።

በመጨረሻ ፎቶዋን ዘቅዝቄ አስቀመጥኩት። ፊትነቱ ጠፋ፤ ጥላና ብርሃን ብቻ ቀረ። ጥላውን በጥላነቱ፣ ልክ እንደ ቅጠሉ፣ ቀስ እያልኩ ተከተልኩት። ግራ ቅንድቧ ጋ ስደርስ ጠጉሩ ተቋረጠ። የፎቶው ችግር መስሎኝ አጎላሁት። ጠባሳ ነው። የሩዝ ፍሬ የምታህል።

ዕድሜ ልኬን ያየሁት ፊት ነው፤ ያቺን ጠባሳ አላውቃትም። ከየት እንዳመጣቻት የምጠይቃት እሷ ደግሞ የለችም። እርሳሱን አስቀምጬ ያኔ አለቀስኩ። ወረቀቱን ገፋ አድርጌ፣ እንዳይረጥብ።

ማታ ለእህቴ ደወልኩ። እሷም ጠባሳውን አታውቀውም። ስለ እማዬ ስናወራ ነጋብን፤ ካረፈች ወዲህ እንዲያ አውርተን አናውቅም። ሥዕሉን ላኩላት። ዝም ብላ ቆየችና፣

"እሷን ትመስላለች" አለችኝ። "ግን ዓይኗን አሁንም ትንሽ ከፍ አድርገሽዋል።"