«ለጫፍ ነው ይሄ ሁሉ?»

የኛ ክፍል ሥራ ሽንት አልወጣ ያላቸው ወንዶች በገዛ እጃቸው ካቴተር (የሽንት ማውጫ ቀጭን ቱቦ) አስገብተው ፊኛቸውን እንዲያራግፉ ማስተማር ነው። የቀኑ ግማሽ በጓንትና በጄል ያልቃል። የቀረው ከስቶር ጋር በመጨቃጨቅ።

አንድ ጠዋት የድሮ ታካሚያችን የሆኑ አባባ ፊታቸው ገርጥቶ መጡ። ፕሮስቴታቸው፣ ማለትም ከፊኛ ሥር የሽንት ቧንቧን የከበበው እጢ፣ ያበጠ ነው። ጫፉ ጎበጥ ያለውን፣ ውፍረቱ ቁጥር 14 የሆነውን ካቴተር ከለመዱ በኋላ እኛን ረስተውን ነበር።

«ሲስተር፣ ይሄ አልገባ አለኝ። ደምም አየሁ» ብለው እሽጉን ዘረጉልኝ። ቀጥ ያለው ነው። ስቶር ነው የሰጣቸው።

ሐኪሙ አያቸው። መሳቢያ ውስጥ የቀረች ጎባጣ ነበረችና በእሷ ሞከርን፤ ሳታንገራግር ገባች። 700 ሚሊ ሊትር ወጣ። ፊኛ ውስጥ የሚጠራቀመው ከ500 እንዳያልፍ ነው የምንመክረው።

እሽጉን ይዤ ወደ ስቶር ወረድኩ። አባባም «አልቀርም» ብለው ተከተሉኝ።

«ቁጥሩ 14፣ ርዝመቱ 40 ሳንቲ ሜትር፣ የወንድ። ምን ጎደለው?» አለኝ የስቶሩ ሰውዬ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል።

«ጫፉ።»

«ለጫፍ ነው ይሄ ሁሉ?»

የወንድ የሽንት ቧንቧ ወደ ፊኛ ሲጠጋ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ፕሮስቴት ሲያብጥ ደግሞ መንገዱ ይብስበታል። ቀጥ ያለው እዚያ ሲደርስ ግድግዳውን ይወጋል። ጎባጣው የላይኛውን ግድግዳ ይዞ ያልፋል። ይህን ሁሉ ነገርኩት።

«እንግዲያው ቀጭን ልስጥሽ። ቁጥር 10 አለኝ።»

ደሜ የፈላው እዚህ ጋ ነው። ቀጭን ሁሌም ይቀላል የሚል ሰው አያልቅም፤ ነጭ ጋውን የለበሰም ጭምር። ቀጭኑ ልል ስለሆነ ያበጠ ፕሮስቴት ሲያጋጥመው ይታጠፋል እንጂ አያልፍም። እንዲያውም አንዳንዴ ወፈር ያለው ጎባጣ ይሻላል። አፌን ከመክፈቴ በፊት ግን አባባ ቀደሙኝ።

ከኪሳቸው የቆየ ባዶ እሽግ አወጡ። እሽጉ ላይ ካለው ሥዕል የካቴተሩን ሰፊ አፍ በጣታቸው ነኩ።

«እዚህ ጋ ምልክት አለች። ጫፉ ወዴት እንደዞረ የምትነግርህ እሷ ናት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ወደ እምብርትህ ታያለች። አታሽከረክራትም። የያዘህ ሲመስልህ ቆም ትላለህ፣ በረጅሙ ትተነፍሳለህ፣ ከዚያ ቀስ። መግፋት የለም።»

እኔ ሳስተምር ይህን ያህል አላምርም። ሰውዬው ግን ወረቀቱን እያገላበጠ ነው።

«ልጄ፣» አሉት አባባ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይቺን ቀጥ ያለችዋን አንተ ላይ እንሞክራት?»

ሰውዬው ሳይታወቀው ጉልበቱን ገጠመ። እስክሪብቶውን አነሳ። ጎባጣው የዚያኑ ዕለት ታዘዘ። እኔ ስንት ማስታወሻ ጽፌ ያልሆነውን አባባ በአንድ ጥያቄ ጨረሱት። ከዚያ ወዲህ ከስቶር ጋር ስነጋገር ታካሚ ይዤ ነው የምወርደው፤ ይሠራል።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ሰሞኑን አከርካሪው የተጎዳ ወጣት መጣ። ፕሮስቴቱ ጤነኛ ነው፤ በቀጥታው ካቴተር አንድም ቀን ተቸግሮ አያውቅም። የያዘው እሽግ ጎባጣ ነው። እንዴት እንደሚይዘው ያሳየው የለም። ስቶር ደወልኩ።

«ቀጥታው የታለ?»

«አስቀረሁት። ለወንድ ሁሉ ጎባጣ ነው የማዘው።»

«ለሁሉም አያስፈልግም እኮ!»

«ጫፍ፣ ጫፍ ስትዪ የከረምሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»