ምስር በለቀመ ዓይን የሻርክ ጥርስ ፍለጋ

ካልቨርት ክሊፍስ ስቴት ፓርክ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። መጀመሪያ በሩ ላይ ደርሰን ተመለስን። ሁለተኛው ቀን በሸክም አለቀ። ባለፈው ግንቦት ከእናቴ ጋር የሄድንበት ሦስተኛው ቀን ግን አሜሪካ ከገባሁ ወዲህ እንደዚያ የተደሰትኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። መሄድ ለምትፈልጉ ያየሁትን ሁሉ ልንገራችሁ።

ፓርኩ ያለው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ላዝቢ የምትባል ቦታ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ካለችው ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስታችሁ መንገድ ቁጥር 4ን ይዛችሁ ወደ ደቡብ ስትወርዱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ውቅያኖስ እንዳትጠብቁ፤ ቼሳፒክ ቤይ የሚባል የባሕር ወሽመጥ ዳርቻ ነው። ሰው እዚያ የሚሄደው ለገደሉ ነው። ከ10 እስከ 20 ሚሊዮን ዓመት በፊት ደቡብ ሜሪላንድ ሞቅ ያለ ባሕር ነበር። ሻርኩም ዓሣ ነባሪውም ሞቶ የተቀበረበት ወለል ዛሬ ገደል ሆኖ ቆሟል። ዝናብና ማዕበል ገደሉን በሸረሸሩት ቁጥር የተቀበረው ወደ ውኃው ይወርዳል፤ ውኃው ደግሞ ዳርቻው ላይ ይተፋዋል። የሻርክ አጥንት ልም ስለሆነ ይበሰብሳል። ጥርሱ ግን ጠንካራ ነው፤ አንድ ሻርክ በዕድሜው በሺዎች የሚቆጠር ጥርስ ያረግፋል። አሸዋ ላይ ያገኛችሁትን ጥርስ ወደ ቤታችሁ መውሰድ ይፈቀዳል።

የመጀመሪያው ስህተት ሰዓት ነበር። ቅዳሜ ቁርስ በልተን፣ ልጆች አልባብሰን፣ ረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ደረስን። የመኪና ማቆሚያው ሞልቶ ነበር። ሲሞላ መግባት የለም፤ የዘገየነው እኛ ነን። አሁን ቅዳሜ ከሆነ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ በአሜሪካኑ ሰባት፣ እዚያ እገኛለሁ።

ሁለተኛው ስህተት ዕቃ ነበር። ከማቆሚያው እስከ ውኃው 1.8 ማይል በእግር ነው፤ ደርሶ መልስ ወደ 6 ኪሎ ሜትር። ይህን ሳላጣራ በረዶና ለስላሳ የሞላ ኩለር፣ አራት ወንበር፣ ከሰልና ሥጋ ይዤ ወጣሁ። ጫካው ውስጥ የዛፍ ሥርና ጭቃ አለ። ኩለሩን ከባለቤቴ ጋር እየተፈራረቅን ተሸከምነው። ልጆቹ ገና ሳንደርስ ደከማቸው። የቆሻሻ መጣያም የለም፤ የያዝነውን ሁሉ፣ አጥንቱን ሳይቀር፣ ተሸክመን ተመለስን። ለካ ሥጋ የሚጠበስበት ቦታ ከማቆሚያው አጠገብ ነው! ከአሮጌ ጎማ የተሠራ የልጆች መጫወቻም እዚያው አለ። ስለዚህ ምሳው መኪና ውስጥ ይቆይ። ወደ ውኃው ይዛችሁ የምትሄዱት የሚጠጣ ውኃ፣ ቆሎ ወይም ዳቦ፣ የቆሻሻ ከረጢትና ቅያሪ ካልሲ ብቻ ይሁን። ሽንት ቤትም ከመነሳታችሁ በፊት።

በሦስተኛው ጊዜ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። ጉልበቷን ፈርቼ ልተዋት አስቤ ነበር። «እኔ እኮ በየቀኑ ቤተ ክርስቲያን በእግሬ ነው የምመላለሰው» አለችኝና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። መንገዱ ብዙ ዳገት የለውም። መሐል ላይ ረግረግ አለ፤ ኤሊዎች ግንድ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። እማዬ እዚያ ቆማ ቀረች። እኔም አላጣደፍኳት። ባለፈው ጊዜ በኩለር ምክንያት ይህን ረግረግ አላየሁትም ነበር።

ውኃው የሚያፈገፍግበትን ሰዓት ከስልኬ አይቼ ነው የሄድነው። እዚያ ውኃው ብዙ ባይሸሽም ለፍለጋ የምትፈልጉት ያችው እርጥብ ጠጠር የምትገለጥበት ጠባብ መስመር ናት። ባለፈው የዱቄት ወንፊት ወስጄ ነበር፤ እርጥብ አሸዋ ደፈነው። አሁን የፓስታ ማጥለያ ወሰድኩ። አሸዋው ያልፋል፣ ጠጠርና ጥርስ ይቀራል።

እማዬ ማጥለያውን ተቀብላ ቁጢጥ አለች። ጠጠሩን በመዳፏ በተን አደረገችው። ከዚያ በአንድ ጣቷ ገፋ፣ ገፋ። ምስር ስትለቅም የማውቀው እጅ ነው። ዕድሜ ልኳን ከምስር ውስጥ ድንጋይ ስታወጣ ኖራለች፤ አሁን ከድንጋይ ውስጥ ጥርስ ታወጣለች። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ «ይሄ ነው?» አለች። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሦስት ማዕዘን፣ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር የማይበልጥ። ልጆቼ ጮኹ። እስከ እኩለ ቀን እሷ አስራ አንድ፣ እኛ አራታችን ተደምረን አራት አገኘን። እሷ የነገረችን ዘዴ ይኸው ነው፦ ጥርሱን አትፈልጉ፤ አንድ ቦታ ተቀመጡና ከሌላው የተለየውን ጠብቁ። እኔ ያንን ሁሉ ጊዜ እየተራመድኩ ነበር የምፈልገው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ገደሉ ሥር መሄድ ክልክል ነው፤ ምልክቱ በግልጽ ተተክሏል። አፈሩ ያለ ማስጠንቀቂያ ይናዳል፤ ከላይ የወደቁ ዛፎች ይታያሉ። ትንሹ ልጄ ከምልክቱ አልፎ ሲሮጥ ልቤ ቀጥ አለ። ያን ቀን ከዚያ በኋላ እጁን አልለቀቅሁም። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ውኃው ውስጥ ጄሊፊሽ የሚባል ለስላሳ የባሕር እንስሳ ይበዛል፤ ሲነካ ያቃጥላል። ጫካው መዥገር ስላለው ቤት ስትገቡ የልጆቹን እግርና ጆሮ ግንድ ፈትሹ።

ምሳ ስንበላ ልጄ «አያቴ፣ እናንተ ጋ እንደዚህ ያለ አለ?» ብላ ጠየቀቻት። እማዬ የተወለደችው ደጀን ነው። «እንዴ! አባይ በረሃ ድንጋይ ውስጥ ቀንድ አውጣ አይተን እናውቃለን፤ የኖኅ ውኃ ያመጣው ነው ይሉን ነበር» አለች። ይህንን ለእኔ ነግራኝ አታውቅም። እውነትም የአባይ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ ባሕር ሥር የተሠራ ነው፤ በጁራሲክ ዘመን፣ ከዚህ ገደል በብዙ እጥፍ ቀድሞ። ለልጆቼ ስለ ድንቅነሽ ብዙ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። እናታቸው አገር ባሕር እንደነበረ ግን የሰሙት ያን ቀን፣ ፍርፍር እየጎረሱ፣ ከአያታቸው አፍ ነው።

ስንመለስ እማዬ ጥርሶቹን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረቻቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ሳንቲም እንደምትቋጥረው። መኪና ውስጥ ሁለት ጊዜ ፈትታ ቆጠረቻቸው። ትልቁን ለደጀኗ እህቷ ልትወስድላት ነው።