በመጣው ሰው ልክ

በምኖርበት ከተማ የነዋሪዎች ኦርኬስትራ ለማቋቋም ስንነሣ ያወጣነው ማስታወቂያ አጭር ነበር፦ ፈተና የለም፣ ክፍያ የለም፣ የምትጫወቱትን መሣሪያ ይዛችሁ ኑ። ከተማዋ ከብዙ አገር የመጡ ሰዎች የሚኖሩባት ስለሆነች የተለያየ ሰው እንደሚመጣ ገምተን ነበር፤ ያልገመትነው የመሣሪያውን ዓይነት ነው። በመጀመሪያው ምሽት ሰባት ቫዮሊን፣ ሁለት ቼሎ፣ ዘጠኝ ፍሉት፣ አምስት ክላሪኔት፣ አራት ጊታር፣ አንድ ኦቦ፣ አንድ አልቶ ሳክስፎን፣ አንድ ዑድ (የአረቦች ባለ አውታር መሣሪያ)፣ አንድ ኤርሁ (ባለ ሁለት አውታር የቻይና መሣሪያ)፣ አንድ አኮርዲዮንና አንድ ዳርቡካ (በእጅ የሚመታ ከበሮ) መጣ። ቪዮላ፣ ሆርንና ኮንትራባስ አልነበሩም። እኔ በቦርሳዬ ይዤ የሄድኩት ደግሞ ከአውታር መሣሪያዎቹ ሌላ ሁለት ፍሉት፣ ሁለት ኦቦ፣ ሁለት ክላሪኔት፣ ሁለት ባሱን፣ ሁለት ሆርን፣ ሁለት ትራምፔትና ቲምፓኒ የሚጠይቅ፣ በተለመደው የክላሲካል አደረጃጀት የተጻፈ ሲምፎኒ ነበር። ዘጠኙ የፍሉት ተጫዋቾች በሁለት የኖታ ወረቀት ላይ ተደራርበው ሲያጎነብሱ ሳይ፣ የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ ወዲያው መረዳት ነበረብኝ። አልተረዳሁም። ለሁለት ወር ያህል የጎደለውን ስንፈልግ ከረምን። የተለመኑት የሆርን ተጫዋቾች አንድ ቀን መጥተው ቀሩ፤ ቪዮላ ያለው ሰው ተገኝቶ የልምምዱ ቀን አልመች አለው። በዚህ መሐል ከዘጠኙ ፍሉቶች ሦስቱ መምጣት አቆሙ፤ ለእነሱ የሚሆን ነገር አልነበረማ።

መንገዱን ያሳየኝ ፐርሲ ግሬንጀር ነው። በአውስትራሊያ የተወለደው ይህ አቀናባሪ እ.ኤ.አ. በ1929 ለአማተርና ለትምህርት ቤት ኦርኬስትራ መሪዎች ባቀረበው ጽሑፍ፣ «የሚለጠጥ» ያለውን የአጻጻፍ ስልት ያብራራል። ፍሬ ነገሩ፣ ሙዚቃው የቆመው በዜማዎቹ እርስ በርስ ግንኙነት ላይ እስከሆነ ድረስ እያንዳንዱን ዜማ የትኛውም የተገኘ መሣሪያ ሊይዘው ይችላል፤ መሪው መጠንቀቅ ያለበት ድምፆቹ እንዲመጣጠኑ ነው የሚል ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ሲምፎኒውን ወደ መሳቢያ መልሼ ሙዚቃውን በአምስት ድምፅ፣ ማለትም አብረው በሚሄዱ አምስት የዜማ መስመሮች፣ መጻፍ ጀመርኩ፤ እያንዳንዱን ድምፅ ደግሞ በበርካታ ቅጂ። ምክንያቱም በተለመደው ክላሪኔት ኖታው ላይ «ዶ» ሲጻፍ የሚሰማው ሲ ቤሞል (ከሲ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው) ነው፤ በአልቶ ሳክስፎን ደግሞ ሚ ቤሞል ነው። ስለዚህ ቫዮሊኑ፣ ክላሪኔቱና ሳክስፎኑ አንድ ዜማ እንዲጫወቱ ከተፈለገ ዜማው ሦስት ጊዜ፣ በሦስት የተለያየ ከፍታ መጻፍ አለበት። ሥራው አሰልቺ ነው። ከልምምድ በፊት ባለው ምሽት እስከ እኩለ ሌሊት ወረቀት የማትም መሆኔን ቤተሰቤ ከለመደው ቆይቷል።

የቪዮላውን ድርሻ የያዙት ሁለት ክላሪኔቶች ናቸው። የክላሪኔት ዝቅተኛው ድምፅ ከቪዮላው ዝቅተኛ ድምፅ የሚበልጠው በአንድ ሙሉ ድምፅ ብቻ ስለሆነ፣ ከታችኛዎቹ ሁለት ኖታዎች በስተቀር የጎደለ ነገር የለም። ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ግን ከፍሉቶቹ ነው። ፍሉት በታችኛው ክልሉ ድምፁ ደካማ በመሆኑ በኦርኬስትራ ውስጥ እዚያ የሚጻፍለት ብዙውን ጊዜ ሌሎቹ ዝም ሲሉ ነው። ስድስት ፍሉት በአንድ ላይ፣ በአንድ ዜማ፣ በዚያ ክልል ሲነፉ ግን የሚወጣው ሰፊና ትንፋሽ የበዛበት ድምፅ በየትኛውም የተሟላ ኦርኬስትራ ሰምቼው የማላውቀው ነው። የቀሩትን ሦስቱን ደውዬ ለምኜ መለስኳቸው። ዛሬ አንድ ሰው ሰባቱን ቀንሰህ በምትካቸው ሁለት ሆርን ልስጥህ ቢለኝ እምቢ እላለሁ።

በዚህ መንገድ የሄድነው የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። በግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ሊቅ ሐሊም ኤል ዳብህ እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ላይ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁም፣ በልማድ ለአንድ ዘፋኝ አጃቢ የነበሩትን እንደ ክራርና መሰንቆ ያሉ መሣሪያዎች በአንድ ጓድ አሰባስቧል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሮም ውስጥ፣ ከብዙ አገር የመጡ ሰዎች በሚኖሩበት በኤስኩዊሊኖ ሰፈር፣ በማሪዮ ትሮንኮ መሪነት የተነሣው የፒያሳ ቪቶሪዮ ኦርኬስትራም ሙዚቃውን የሠራው ከተጫዋቾቹ ተነሥቶ ነው። የሙዚቃ መሪው ዳንኤል ባረንቦይምና ምሁሩ ኤድዋርድ ሰኢድ እ.ኤ.አ. በ1999 በጀርመን ከተማ ቫይማር ላይ የመሠረቱት ዌስት ኢስተርን ዲቫን ኦርኬስትራ ግን ሌላ መንገድ ነው፤ እዚያ የአረብና የእስራኤል ወጣቶች ተመርጠው የሚገናኙት በተጻፈ የሲምፎኒ ሙዚቃ ላይ ነው። ያም ትልቅ ሥራ ነው፤ ሆኖም በፈተና ለተመረጡ ተጫዋቾች እንጂ ከሥራ ውሎ በኋላ ጊታሩን አንግቶ ለሚመጣ ሰው የሚሆን አይደለም።

ከአጻጻፉ ቀጥሎ ያስቸገረን ቅኝቱ ነው። በኦርኬስትራ ልማድ ኦቦ «ላ»ን ይሰጣል፤ ሌላው በእሱ ይቃኛል። የዚህ ድምፅ ልክ በሴኮንድ 440 ንዝረት እንዲሆን እ.ኤ.አ. በ1939 ለንደን ላይ በተደረገ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ስምምነት ተደርሶበታል፤ ኋላም ዓለም አቀፍ የደረጃ መለኪያ ሆኗል። ኦቦ ተጫዋቿ ትንሿን መቃኛ ከፊቷ አስቀምጣ በትክክል 440 ሰጠችን። ሁሉም ተቃኘ፤ አኮርዲዮኑ ሲገባ ግን ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ለካ አኮርዲዮኑ የተሠራው በ442 ነው። ልዩነቱ የግማሽ ድምፅ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም፤ ጆሮ ግን ይሰማዋል። የአኮርዲዮን ድምፅ የሚወጣው ከብረት ምላስ በመሆኑ ባለሙያ ከፍቶ ካልሞረደው በቀር አይነቃነቅም። ኦቦዋ ግን በከንፈርና በሸምበቆዋ ትንሽ ከፍ ማለት ትችላለች፤ ቫዮሊኑም ቁልፉን ጠምዘዝ ማድረግ ይበቃዋል። ስለዚህ ያወጣነው ሕግ፣ መንቀሳቀስ የማይችለው ልኩን ይሰጣል፣ መንቀሳቀስ የሚችለው ይጠጋል የሚል ሆነ። ኦቦ ተጫዋቿ ለሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ፤ አልፈርድባትም፤ የተማረችበትን ክብር ነው የነካሁባት። ከዚያ በኋላ ግን መቃኛዋን ራሷ 442 ላይ አድርጋ መጣች።

ይኸው ሕግ በዑዱ ጊዜ ተገለበጠብን። ዑድ የሚጫወቱት አዛውንት ያመጡልን ዜማ ራስት በሚባለው መቃም (የአረብ ሙዚቃ ቅኝት) የተሠራ ነው፤ ሦስተኛው ደረጃው በሚና በሚ ቤሞል መካከል ግድም ያርፋል። በዚያ ምሽት ቫዮሊኖቹ ሚ ብለው ተጫወቱት። አዛውንቱ እጃቸውን ከፍ አድርገው አስቆሙንና ያቺን አንዲት ድምፅ ሦስት ጊዜ ደጋግመው መቱልን። ቫዮሊኖቹ እንደገና ሞከሩ፤ አሁን ደግሞ ዝቅ አለ። በዚህ ጊዜ አዛውንቱ ዑዳቸውን ጭናቸው ላይ አስተኝተው፣ መሣሪያችሁን አስቀምጡና ዝፈኑት አሉ። ሰባቱ ቫዮሊን ተጫዋቾች እያፈሩ ዘፈኑ፤ በአራተኛው ጊዜ ድምፃቸው ከእሳቸው ድምፅ ጋር ገጠመ። ከዚያ በኋላ ጣታቸው ቦታውን ራሱ አገኘው። ፍሉትና ክላሪኔትም በከንፈርና በተለየ የጣት አያያዝ ደረሱበት። በብረት መለያ ለተከፋፈለው ጊታርና ለአኮርዲዮን ግን መንገድ አልነበረም። ድምፅዋን ወደ ሚ «አስተካክዬ» ሁሉም እንዲጫወታት ማድረግ ቀላል ነበር፤ አንድ ሁለት ሰውም ይህን መክሮኛል። ያን ባደርግ አዛውንቱ ያመጡት ዜማ በእጃችን ላይ ይጠፋ ነበር። ስለዚህ ለጊታሮቹና ለአኮርዲዮኑ ሙሉውን ድርሻ ያለ ሚ ጻፍኩላቸው፤ ዶና ሶልን ይዘው ከሥር ይቆያሉ። ካቀናበርኳቸው ውስጥ ከሁሉ የምወደው ይህ ነው።

የኖታ ስም ነገርም አለ። እኔ «ቢ» ስል ሲ ማለቴ ነው፤ በጀርመን ሥርዓት የተማረው የቼሎ ተጫዋች ግን «ቢ» ሲሰማ ሲ ቤሞል ይታየዋል፤ ለእሱ ሲ «ሃ» ነው። በአንድ ምሽት አንዲት ማሳረጊያ ለምን እንደምትጎረብጥ ሩብ ሰዓት ስንፈልግ ቆይተን፣ ሁለቱ ቼሎዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሁለቱም በልበ ሙሉነት ግማሽ ድምፅ ተለያይተው ሲጫወቱ አገኘናቸው። ከዚያ ወዲህ በልምምድ ላይ የምንናገረው ዶ፣ ሬ፣ ሚ ብቻ ነው። ኤርሁ የምትጫወተው ወይዘሮ የተማረችው በቁጥር በሚጻፍ ኖታ ስለሆነ ለእሷ ብቻ ድርሻዋን በቁጥር እጽፋለሁ፤ «1» የመሠረቱ ድምፅ ነው፤ ሙዚቃው መሠረቱን ሲቀይር «1» አብሮ ይሄዳል። ኖታ ፈጽሞ ለማያነቡት ደግሞ እያንዳንዱን ድርሻ ቀስ ብዬ በክላሪኔት ተጫውቼ በስልክ እልክላቸዋለሁ። የሚገርመው እነሱ ቀድመው በቃላቸው ይዘውት ይመጣሉ፤ ኖታ አንባቢዎቹ ግን ወረቀቱ ላይ ተተክለው ቀና ብለው አያዩኝም።

ኋላ ላይ የተቀላቀለችን ሌላ የቫዮሊን ተጫዋች የተማረችው በደቡብ ህንድ የካርናቲክ ስልት ነው። በዚህ ስልት ወለል ላይ እግርን አጣጥፎ ተቀምጦ፣ የቫዮሊኑን አናት በቁርጭምጭሚት ላይ አሳርፎ ነው የሚጫወቱት። ወንበር አቀረብንላት፤ በወንበሩ ላይ ግን ግራ እጇ ታሰረ፤ አንገትና ትከሻ ይዞት የማያውቀውን መሣሪያ በእጇ ትሸከም ጀመር። በሚቀጥለው ሳምንት ከጊታር ተጫዋቾቹ አንዱ፣ በሙያው አናጢ የሆነው፣ በወንበር ቁመት ልክ የእንጨት መደብ ሠርቶ አመጣ። አሁን ከሌሎቹ ጋር እኩል ቁመት ላይ ተቀምጣ በራሷ ስልት ትጫወታለች።

ስለ ምት ብዙ አልልም። ሰባት ምት ያለውን የባልካን ዳንስ ኖታ አንባቢዎቹ እስከ ሰባት እየቆጠሩ ሲወድቁበት፣ ዳርቡካ መቺው ግን ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት አድርጎ፣ አጭር አጭር ረጅም እያለ ይመታዋል። እሱን ከመጨረሻው ረድፍ አንሥተን በቼሎዎቹ መሐል አስቀመጥነው፤ ችግሩ በዚያው አለቀ። የልምምድ ቀን መምረጥም እንዲሁ ነው፤ ዓርብ ማታ፣ ቅዳሜና እሑድ ለአንዱ ካልሆነ ለሌላው የጸሎት ጊዜ ነው፤ የረመዳን ወር ደግሞ በፀሐይ አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚመጣ የዘንድሮውን ዕቅድ ለከርሞ መገልበጥ አይቻልም። ማክሰኞ ማታን መረጥን፤ የመጨረሻው አውቶቡስ ከመሄዱ በፊት እንጨርሳለን።

ቅር ያሰኘኝ አንድ ነገር አለ። ድጋፍ እንዲሰጠን የጠየቅነው አንድ መሥሪያ ቤት፣ በዝግጅቱ ላይ እያንዳንዱ ማኅበረሰብ በየባህል ልብሱ ወጥቶ የየራሱን ዜማ እንዲያቀርብና በመጨረሻ ሁሉም በአንድ ዘፈን እንዲዘጋ ሐሳብ አቀረበልን። ሰዎቹ ክፉ አስበው አይደለም። ነገር ግን በዚህ አሠራር ዑዱ በዑዱ ተራ፣ ኤርሁው በኤርሁ ተራ ይሰማና፣ ሰባት ቫዮሊኖች ለአንዲት ድምፅ አፍረው የዘፈኑባት ምሽት ከንቱ ትቀራለች። ኤርሁ የምትጫወተውም ወይዘሮ ባህሏን የምታሳይ እንግዳ አይደለችም፤ የሁለተኛው ቫዮሊን ድርሻ ተጫዋች ናት፤ ስትዘገይም እንደ ማንም ትገሠጻለች። አልተስማማንም፤ ድጋፉም ቀረ። የአዳራሹን ኪራይ አሁን የምንከፍለው አዋጥተን ነው።

በሚቀጥለው ወር አዲስ ሰዎችን እንቀበላለን። ከደረሱኝ መልእክቶች አንዱ ከሰላሳ ዓመት በላይ ባግፓይፕ ከተጫወተ ስኮትላንዳዊ ነው፤ በብብት ከሚታቀፍ ከረጢት በሚወጣ ነፋስ የሚሰማውን መሣሪያ ማለቴ ነው። ዘጠኝ ድምፅ ብቻ አለው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መጫወት የሚባል ነገር አያውቅም፤ «ላ» ብሎ የሚጠራው ድምፅ ከ470 እስከ 480 ባለው መካከል ነው፤ ከቦታውም አይነቃነቅም። በሕጋችን መሠረት ልኩን የሚሰጠው እሱ ነው ማለት ነው። አውታሮቹን ወደዚያ ከፍታ ብንስባቸው አንድ ሁለቱ ሳይበጠሱ አይቀሩም፤ ነፋሶቹ ጨርሶ አይደርሱም፤ ምናልባት ለእሱ፣ ለዳርቡካውና በጣታቸው ቦታውን ፈልገው ለሚያገኙት ቼሎዎች ብቻ መጻፍ ይሻል ይሆናል። ትናንት ማታ ሁለት ገጽ ያህል ሞክሬያለሁ። ና ብዬ መልሼለታለሁ። ለኦቦ ተጫዋቿ ግን እስካሁን አልነገርኳትም።