ላም የለሽ፣ ጭድ ለማን ነው?

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኛ ሰፈር፣ ኦክቶበር ሲገባ በር ሁሉ ይለብሳል። አንዱ ዱባ ይደረድራል፣ አንዱ የበቆሎ አገዳ ከበረንዳው ምሰሶ ጋር ያስራል፣ ሌላው የጭድ እስር ይከምርና አናቱ ላይ የወፍ ማስፈራሪያ ያስቀምጣል። ሰባት ዓመት አይቼ እንዳላየሁ አልፌያለሁ። ዘንድሮ ግን ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ «የኛ በር ለምን ባዶ ሆነ?» አለችኝ። ተሸነፍኩ። በማግስቱ ከሥራ ስወጣ አንድ ሱቅ ጎራ ብዬ የበር ጉንጉን ዋጋ አየሁ። 54 ዶላር! ለፕላስቲክ ቅጠል! ውጪ እኮ እውነተኛው በነፃ እየረገፈ ነው፣ እንዲያውም ጠራጊ እየከፈልንበት።

ስለዚህ ትሪፍት። እዚህ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ለማታውቁት ግን፦ ሰው የሰለቸውን ዕቃ በነፃ ይሰጣል፣ ሱቁ በርካሽ ይሸጠዋል፣ ብዙዎቹም ገቢውን ለበጎ ሥራ ያውሉታል። ከነዚህ አንዱን፣ ጉድዊልን፣ በ1902 ቦስተን ላይ የጀመሩት ኤድጋር ሄልምስ የሚባሉ የሜቶዲስት ቄስ ናቸው። ከሀብታሞች ቤት አሮጌ ልብስና ዕቃ ይሰበስቡና ሥራ ያጡ ሰዎች ጠግነው እንዲሸጡት ያደርጉ ነበር። በኔ ቋንቋ፣ ልዋጭና ምናለሽ ተራ ተጋብተው የወለዱት ነው። የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር ብቻ፦ ክርክር የለም። እኔ አውቶብስ ተራ ያደግኩ ሰው ነኝ። «የመጨረሻው ስንት ነው?» ሳልል ዕቃ ስገዛ የተዘረፍኩ ይመስለኛል።

የኛ ሰፈር ትሪፍቶችን ሁለት ቀን ዞርኳቸው፣ ባዶ ናቸው። የበልጉ ጌጥ (በልግ ልበለው መጸው ልበለው፣ እኛ አገር ቅጠል የሚረግፍበት እንዲህ ያለ ወቅት ስለሌለ ስሙም አያግባባም) ገና በኦገስት ወጥቶ አልቋል። መደርደሪያውን የገና ኳስ ወርሶታል። የሥራ ባልደረባዬ «ወደ ሰሜን ውጪ፣ ገጠሩ ጋ ዕቃውም አለ፣ ዋጋውም ይሻላል» አለችኝ። ዓርብ እረፍቴ ነበር። ልጄን ለአባቷ ትቼ እታለምን ይዤ ወጣሁ፤ የአባቴ ታናሽ እህት ናቸው። ዕቅዱ ማታ ለመመለስ ነበር። ነበር።

እታለም የጽጌን ጾም እየጾሙ ስለነበር ስንቃቸውን ቋጥረዋል። ዳቦ፣ ቆሎ፣ በፔርሙዝ ሻይ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 አገር ቤት ምድሩ አበባ ነው፣ እዚህ ደግሞ በዚያው ወር ዛፉ ይራቆታል። ከመጡ ሦስት ዓመታቸው ነው፣ አሁንም አልለመዱትም። «በጥቅምት!» ይላሉ በመስኮት እያዩ፣ አንድ ሰው ያለ ሰዓቱ ልብሱን እንዳወለቀ ሁሉ።

በ270 አውራ ጎዳና መኪናው ተጨናንቆ ስለነበር ፍሬድሪክ ከተማ ለመድረስ ሰዓት ተኩል ፈጀብን።

የመጀመሪያው ሱቅ ላይ ዕድሌ ሰመረ። ባዶ የወይን ሐረግ ጉንጉን፣ ምንም ያልተለጠፈበት፣ 2 ዶላር ከ99። ያገኘሁት ከስዕል ፍሬሞች ጀርባ ወድቆ ነው። ከሱ ቀጥሎ ሁለት የሻማ ማቆሚያ፣ ጥቁር ብለው የቆሸሹ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ትሪፍት ስሄድ የፍሪጅ ማግኔት ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ። ነሐስን ማግኔት አይስበውም፣ ቢጫ የተቀባ ብረትን ግን ጥብቅ አድርጎ ይይዘዋል። የመጀመሪያው ላይ አስጠጋሁት፣ ወደቀ። ሁለተኛውም ላይ ወደቀ። ልቤ ደለቀ። የማር ቀለም ያለው ወፍራም የብርጭቆ ጎድጓዳ ሳህንም አነሳሁ። አፉን በጣቴ ዞርኩበት፣ መሸረፉን ዓይን ሳያየው ጣት ያገኘዋልና። ደህና ነው።

ሁለተኛው ሱቅ ላይ ግን ተናደድኩ። ስሙን ተዉት። ብዙ ትሪፍቶች የዋጋ ወረቀቱን በቀለም ይለያሉ፣ በየሳምንቱ አንድ ቀለም በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። በሩ ላይ «አረንጓዴ ግማሽ» ይላል። አረንጓዴ አረንጓዴውን መርጬ ቅርጫት ሞላሁ፦ የፍላኔል ጨርቅ፣ የዘንባባ ዘንቢል፣ ከእንጨት የተቀረጸች ዱባ። ካሸሯ ሙሉውን አስከፈለችኝ። የትናንቱ ማስታወቂያ ነው፣ ሳይነሳ ረስተነው ነው፣ ዛሬ ሰማያዊ ነው አለች፣ ፊቷም አልተለወጠም። ማስታወቂያው እኮ ያው ተለጥፏል! እታለም በአማርኛ «ተዪያት፣ ደሞዝተኛ ናት» አሉኝ። ዱባዋን ብቻ ወስጄ ሌላውን መለስኩ። ልዩነቱ 11 ዶላር ያህል ቢሆን ነው፣ ንዴቱ ግን አብሮኝ ተጓዘ።

መንገድ 15 ላይ ስንወጣ ግን ንዴቱም ላላ። ተርሞንት የምትባል ከተማ ጋ የካቶክተን ተራራ በግራ ይመጣል። ሜፕል የሚባለው ዛፍ ቀይ፣ ሂከሪው ቢጫ፣ ኦኩ ገና ሲያንገራግር። ካምፕ ዴቪድ፣ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ማረፊያ፣ እዚያ ጫካ ውስጥ ነው አልኳቸው፣ በሴፕቴምበር 1978 የግብፁ ሳዳትና የእስራኤሉ ቤጊን ከፕሬዚዳንት ካርተር ጋር 13 ቀን የከረሙበት። «እዚህ ነው እንዴ የታረቁት?» አሉና ትንሽ አሰቡ። «ታዲያ በዚህ አየር ማን ይጣላል።» ቅጠሉ በሴፕቴምበር እንዲህ እንደማይሆን አልነገርኳቸውም።

ፔንስልቬኒያ ገብተን፣ ጌቲስበርግ አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ወጣ ያለች የቤተ ክርስቲያን ትሪፍት ውስጥ ነው ወንበሩን ያየሁት። የሚወዛወዝ የእንጨት ወንበር፣ 20 ዶላር። ምኑ የበልግ ጌጥ ነው አትበሉኝ፣ በረንዳ ላይ ጉንጉኑ ሥር፣ አጠገቡ ዱባ... ይገባችኋል። ከፈልኩ። ከዚያ መኪናዬ ኮሮላ መሆኗ ትዝ አለኝ። በኋላ ወንበር አልገባም፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥም ግማሹ ገብቶ ግማሹ ውጪ ቀረ። ዝናብ ጀመረ። አንድ ሽማግሌ ከፒክአፑ ወረዱ፣ ምንም ሳይሉ ገመድ አወጡ። መርካቶ ቢሆን አምስት ሰው ይከበኝ ነበር። ሦስቱ ይመክራሉ፣ አንዱ ያስራል፣ አምስተኛው የሻይ ይለኛል። እኚህ ግን ብቻቸውን አራት ቦታ ቋጠሩት፣ ክዳኑን ሁለቴ ወዝወዝ አድርገው ሞከሩት፣ 5 ዶላር ስዘረጋ እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። እታለም አልቻሉም፣ እጃቸው ላይ ቆሎ ዘገኑላቸው። ሽማግሌው አይተው አይተው አንድ ፍሬ ቆረጠሙ። ከዚያ ሁሉንም አፋቸው ከተቱና እያኘኩ ሄዱ።

በዝናብ፣ በጨለማ፣ ክዳኑ በገመድ በተንጠለጠለ መኪና 270ን አልነዳም አልኩ። ያ ነው ጉዴን ያፈላው። ለካ በዚያ አካባቢ አሬንትስቪል የሚባል ቦታ በኦክቶበር መጀመሪያ ሁለት ቅዳሜና እሑድ የፖም በዓል አለ፣ ሞቴሉ ሁሉ ሞልቷል። ያገኘነው አንድ ክፍል ከነታክሱ 148 ዶላር ነው፣ ምንጣፉ ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል። ማሞቂያው ሲነሳ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል፣ ሲጠፋ ደግሞ ብርድ። ወንበሩ ዝናብ እንዳይመታው ክፍል ውስጥ አስገባነው። እታለም እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ውዳሴ ማርያም ያዙ። ወንበሩ ሲሄድ ጢቅ፣ ሲመለስ ጢቅ። ማሞቂያው ጋብ ሲል ጢቅ ጢቁ፣ ጢቅ ጢቁ ጋብ ሲል ማሞቂያው። ሌሊቱን ሙሉ 54 ዶላሩን ጉንጉን እያሰብኩ ነጋ። ጋዝ አልቆጠርኩም ገና።

ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ነበር። በገጠሩ መንገድ ስንመለስ፣ ፖሙ እንደ ጤፍ በተዘራበት አገር፣ ዳር ላይ ዱባ የተደረደረበት ጠረጴዛ አየን። ሰው የለም። ቆርቆሮ ሣጥን፣ ላዩ ላይ ቀዳዳ፣ ወረቀት ላይ ዋጋ። ትንሹ ዱባ 2 ከ50፣ ቅል 1 ዶላር። እታለም ዙሪያውን አዩ፣ ከጎተራው ጀርባ የተደበቀ ሰው የሚፈልጉ ይመስላሉ። «ቢወስዱትስ?» ማንም አይወስድም አልኳቸው፣ ርግጠኛ ሳልሆን። ቦርሳዬን ስከፍት ያለኝ አንድ ባለ 20 ብቻ። መልስ የሚሰጥ የለም! አንድ ዱባ ፈልጌ ነበር የቆምኩት። 20 እስኪሞላ ወሰድን፣ ስድስት ዱባ፣ አምስት ቅል። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ይባላል እንጂ የኔ መኪና ውስጥ እታለም እግር ሥር አንድ ላይ ተከመሩ። ቅሎቹን እኔ መረጥኩ፣ የተጠማዘዙትን። ዱባዎቹን እሳቸው፣ በጣታቸው አንጓ አንድ በአንድ እያንኳኩ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ጭዱንም ልገዛ ነበር፣ እስሩ 8 ዶላር። «ላም የለሽ» አሉኝ፣ «ጭድ ለማን ነው?» ለጌጥ አልኳቸው። «እኛ ቄጠማ የምንጎዘጉዘው ሰው ሊረግጠው ነው፣ እነዚህ በር ላይ ከምረው ከብቱን ረሱት?» መልስ አልነበረኝም። ጭዱ ቀረ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ገባን፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በሩ ለበሰ። ጉንጉኑ ላይ ልጄ ከመንገድ የለቀመችውን ቅጠል በሙጫ ለጠፍን። የሻማ ማቆሚያዎቹን በሎሚና በጨው ሳሻቸው ከጥቁሩ ሥር ወርቅ የመሰለ ወጣ። ወንበሩ በረንዳ ላይ። ስድስቱ ዱባ በደረጃው ላይ፣ ከትልቁ ወደ ትንሹ።

ማክሰኞ ከሥራ ስገባ ልጄ ደረጃው ላይ ቆማ ትቆጥራለች። አራት። እንደገና ቆጠረች፣ አራት። ከወጥ ቤት የበርበሬና የሽንኩርት ሽታ ይመጣል። እታለም ማማሰያቸውን እንደያዙ ብቅ አሉ፦ «ሁለቱን ብቻ ነው፣ ሊበላሹ ነበር። ቅሉን አልነካሁም።»

የዱባ ወጡን ሦስታችንም ጠርገን በላነው። ልጄ ግን ከእራት በኋላ ማርከር ይዛ ወጣችና በቀሩት አራት ዱባዎች ላይ ስም ስም ጻፈችባቸው፣ ስም ያለው ነገር እታለም አያርዱም ብላ።