ስድስት ቀይ ነጥብ

ስቶክሆልም ዳርቻ በሚገኝ ያገለገሉ ዕቃዎች መሸጫ ምድር ቤት ውስጥ ሁለት ዓመት ብርጭቆ አጥቤአለሁ። ከማጠቡ ሌላ ተለጣፊ ወረቀት መላጥም የእኔ ድርሻ ነበር፤ በዚህኛው እበልጥሻለሁ የምትል ካለች ትምጣ። ግትሩን በምግብ ዘይት አርሶ አሥር ደቂቃ መተው ነው። ለስላሳውን በሙቅ ውሃ እንፋሎት አሙቆ፣ በአውራ ጣት ጥፍር ከዳር መጀመር። ሳይቀደድ የተነሣልኝን አልጥለውም፤ ከገንዳው አጠገብ ባለው የቁም ሣጥን በር ላይ እለጥፈዋለሁ። በሩ በሁለት ዓመት ውስጥ ቀለሙ እስከማይታይ ድረስ ተሸፍኖ ነበር።

ከገንዳው በላይ ኃላፊያችን በወፍራም እስክሪብቶ የጻፈችው ትእዛዝ ተለጥፏል፦ «ሁሉም ተለጣፊ ይነሣ።» «ሁሉም» ከሚለው ሥር ሁለት ጊዜ አስምራለች።

አንድ ሰኞ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ስድስት ብርጭቆዎች መጡ። ገላቸው እንደሚቀልጥ በረዶ ጎርበጥባጣ ነው፤ ከታች የሚንጠባጠብ የሚመስል ትናንሽ እግር አላቸው። በመጀመሪያ ፋብሪካው ያበላሻቸው መስሎኝ ነበር። በእያንዳንዳቸው ላይ በመካከሏ ነጭ ፊደል ያለባት፣ የጥፍር ያህል ቀይ ነጥብ ተለጥፋለች። በእኛ ሱቅ ቀይ ነጥብ ማለት ግማሽ ዋጋ ማለት ነው። ላጥኳቸው፣ አጠብኳቸው፣ ፎጣው ላይ ደርድሬም ለአፍታ አየኋቸው። አበሩ።

ማክሰኞ ማክሰኞ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በአንድ እጃቸው የኪስ ባትሪ፣ በሌላው ማጉያ መነጽር ይዘው ማንኛውንም ዕቃ ገልብጠው ቂጡን ሳያዩ አያልፉም። ስዊድኖች ባለ ስማቸውን ብርጭቆ፣ ለምሳሌ የኦሬፎሽ ፋብሪካን፣ ከሥሩ ነው የሚፈርሙበት፤ በፊደልና በቁጥር ተቀርጾ ይገኛል። አንቱታን ግን እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ ትተውታል። ስለዚህ እሳቸውም አንቺ ይሉኛል፣ እኔም በስዊድንኛ አንተ እላቸዋለሁ፤ እዚህ በአማርኛ ስጽፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

«እነዚህን ያጠባቸው ማን ነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አልኩ፣ ለምስጋና ተዘጋጅቼ።

«ለምን?»

ብርጭቆ ለምን ይታጠባል ብሎ ከዚያ በፊት የጠየቀኝ ሰው የለም።

«አቧራ ነበረባቸው።»

«ነጥቦቹስ?»

«ላጥኳቸው። ስድስቱንም።» ቁጥሩን ማንም አልጠየቀኝም፤ ራሴ ነኝ የጨመርኩት።

ባትሪያቸውን አጠፉና ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው በዝግታ ጀመሩ። ብርጭቆው የፊንላንዱ የኢታላ ፋብሪካ ሥራ ነው፤ «ኡልቲማ ቱሌ» ይባላል፤ ታፒዮ ቪርካላ የላፕላንድን የሚቀልጥ በረዶ እያሰበ እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጣው። ነጥቧ ራሷ ባለቤት አላት፦ ቲሞ ሳርፓኔቫ የሚባል ሌላ ንድፍ አውጪ በ1956 የሣላት ምልክት ናት። ዋናው ነገር ግን ይህም አልነበረም። ብርጭቆ በማሽን ደጋግሞ ሲታጠብ ገላው ተበልቶ ጭጋግ ይለብሳል፤ ያንን ጭጋግ ኮምጣጤም አያስለቅቀውም። ነጥቧ በቦታዋ ካለች ግን ብርጭቆው ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ውሃ ነክቶት አያውቅም ማለት ነው።

«አሁን ግን ተጠጥቶበት እንደሆነስ ማን ያውቃል?» አሉ።

«እኔ አውቃለሁ። አልተጠጣበትም።»

«አንቺ ታውቂያለሽ። ወረቀቱ ግን የለም።»

በዚያች ቅጽበት ዓይኔ ላይ የመጣው የእናቴ ቡፌ ነው። እናቴ ለእንግዳ ያስቀመጠቻቸው ብርጭቆዎች ወርቃማ ወረቀታቸውን እንደለጠፉ ዓመታት ኖረዋል። አንድ ቀን ልላጥላት ብል «ተዪው፣ አዲስ ነው!» ብላ ጮኸችብኝ፤ እኔም ለእህቶቼ ነግሬ ሳቅንባት። ለካ ሰብሳቢ ኖራለች።

ኃላፊያችን ጫጫታውን ሰምታ መጣች። ለሽማግሌው ከዋጋው ሲሶውን ቀነሰችላቸው፤ ለእኔ ደግሞ ትንሽ ማመዛዘን እንደሚያስፈልግ ነገረችኝ። ምንም ሳልመልስ ገንዳው ወዳለበት ግድግዳ አየሁ። ተከትላኝ አየች። በማግስቱ ስገባ ትእዛዙ የለም፤ በምትኩ «ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ» የሚል አዲስ ወረቀት ተሰቅሏል። የድሮውን እሷ እንዳነሣችው ለማወቅ ምስክር አላስፈለገኝም። አራቱም የፕላስተር ማዕዘኖች ግድግዳው ላይ ቀርተዋል። ሥራውን የሚያውቅ እንደዚያ አይልጥም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሽማግሌው ተመልሰው የተላጡት ነጥቦች የት እንደ ደረሱ ጠየቁ። ወደ ምድር ቤት ወስጄ በሩን አሳየኋቸው። ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው ይመስል ቆባቸውን አወለቁ። ከዚያ ለጠቅላላው ሦስት መቶ ክሮና አቀረቡ። ኃላፊያችን «ወረቀት አይደል?» ብላ ተስማማች። በፀጉር ማድረቂያ እያሞቅሁ አንድ በአንድ ላጥኩላቸው፤ እሳቸው በመጽሐፍ ገጾች መካከል እያስገቡ ቆጠሩ።

«ከእነዚያ ስድስት ቀዮች አምስት ብቻ ናቸው» አሉ።

«አንዷ ተቀደደች» አልኩ።

ለክምችታቸው ነው ብዬ ነበር፤ በደስታም ነው የሠራሁላቸው። ጸደይ ሲገባ አንድ እሑድ ገበያ ሳልፍ ጠረጴዛ ዘርግተው አገኘኋቸው። ከፊት ለፊት አንድ ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን አለ። ዕቃ ካጠበ ሰው አይሰወርም፤ ከንፈሩ ላይ ያለችው ሸራፋ አውራ ጣቴን ቆርጣኛለች። ከሃያ ክሮናው ሣጥን ነው የተሸጠው፤ ፊርማም ሆነ ተለጣፊ አልነበረውም። አሁን ቀይ ነጥብ አለው፣ ዋጋውም አራት መቶ ሃምሳ ሆኗል። አንስቼ ገለበጥኩት፣ ልክ እሳቸው እንደሚያደርጉት። የነጥቧ ዳር ላይ የእኔ ጥፍር የጀመረባት ስንጥቅ ትታያለች።

ዓይን ለዓይን ተያየን። ሽማግሌው ባለ መልካም ጠባይ ናቸው፤ ፈገግ አሉ።

«ታጥቧል?» አልኩ።

«በጭራሽ» አሉ። «ውሃ ነክቶት አያውቅም።»

ሳህኑን በቦታው አስቀምጬ፣ መልካም ሰንበት ተባብለን ተለያየን። ለማንም አልተናገርኩም። ብናገርስ ስድስተኛዋ የት ናት ለሚለው ምን እመልሳለሁ? ከሰፈሬ ገበያ በርካሽ የገዛሁት አንድ የሻይ ብርጭቆ አለኝ፤ ቤት ውስጥ ለእንግዳ የማወጣው እሱን ነው። ሳጥበው ነጥቧን በአውራ ጣቴ ሸፍኜ በዙሪያዋ ነው የማጥበው።